«ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን»፦ በሐዋሳ የአንድ መንፈሳዊ ማኅበር ድረ ገጽ የተጠቃሚ ጥናት

በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ያለው ፎቶ ውስጥ ነበር። ለአንድ የገቢ ማሰባሰቢያ ጉባኤ የተሠራ ፖስተር ነው፤ ከላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል፣ ከታች በወርቃማ ፊደል የሦስት ባንኮች ቁጥር። ፖስተሩ ያምራል። ከፎቶ ላይ ግን ቁጥር ኮፒ አይደረግም። በስልኩ ብር መላክ የፈለገ ሰው 13ቱን የንግድ ባንክ አኃዞች ወይ በቃሉ ይዞ ወደ ባንኩ አፕ ይሻገራል፣ ወይ ብዕርና ወረቀት ይፈልጋል። አዳዲስ ስልኮች ከፎቶ ላይ ጽሑፍ አንብበው ማውጣት ይችላሉ፤ በጥናቱ ከተሳተፉት መካከል ግን ይህን ሞክሮ የሚያውቅ አልነበረም።

ሥራው ሲጀመር ስለዚህ ፖስተር ያነሳ ሰው የለም። የሥራ አመራሩ ጥያቄ «ድረ ገጹ አርጅቷል፣ መልኩ ይታደስ» የሚል ነበር። ማኅበሩን ያቋቋሙት ሐዋሳ የሚኖሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ናቸው፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን በየወሩ ይደግፋል፣ ለአብነት ተማሪዎች ስንቅና ልብስ ያቀርባል፣ በዓመት ጥቂት የገዳማት ጉዞ ያዘጋጃል፣ ሳምንታዊ ጉባኤም አለው። ድረ ገጹን በዎርድፕሬስ (በድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) የሠራው በጎ ፈቃደኛ ከተማውን ለቆ ከሄደ ቆይቷል። ጥናቱን የያዙት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ ጊዜው ስድስት ሳምንት፣ በጀቱ ደግሞ የተሳታፊዎች ትራንስፖርትና የሞባይል ካርድ ብቻ ነበር።

የጸሐፊዋ ደብተር

መጀመሪያ የታሰበው የጎብኚዎችን ቁጥር አይቶ መነሣት ነው። ቁጥር ግን አልተገኘም። ገጹ የተያያዘው ጎብኚ ከሚቆጥረው ከአሮጌው ጉግል አናሊቲክስ ጋር ነበር፤ ያ አገልግሎት ሰኔ 24 ቀን 2015 መረጃ መቀበል ሲያቆም ወደ አዲሱ ያዛወረው ሰው የለም። መግቢያውም የተከፈተው በዚያው በጎ ፈቃደኛ የግል ኢሜይል ነው። (የማኅበር ንብረት በግለሰብ ኢሜይል መክፈት እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። ዶሜኑም (የድረ ገጹ አድራሻ) እንዲሁ ሊሆን ስለሚችል ዲዛይን ከመነካቱ በፊት የማን ስም ላይ እንዳለ መጣራት አለበት።)

ቁጥሩ ሲጠፋ ዓይን ያረፈው በቢሮው ስልክ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ለሁለት ሳምንት ያህል እያንዳንዱ ደዋይ የፈለገውን በአንድ መስመር እንድትጽፍ ተጠየቀች፤ ስም የለም፣ ቁጥር የለም፣ ጥያቄው ብቻ፣ ያውም ደዋዩ ባለው ቃል። ደብተሩ ሲቆጠር ቀዳሚው ጥያቄ የሒሳብ ቁጥር ሆነ። ሁለተኛው ጉዞው ስንት ሰዓት፣ ከየት እንደሚነሣ ነው። ሦስተኛው «የታመሙ እናት ጎረቤት አሉን፣ ለማን እንናገር» የሚል። ሦስቱም ድረ ገጹ ላይ መልስ አላቸው፤ ሰው ግን አያገኛቸውም፣ ቢያገኛቸውም አያምናቸውም። ትንሽ ማኅበር ምንም መሣሪያ ሳይገዛ ሊያደርገው ከሚችለው ጥናት ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው አይገኝም፤ ስልክ የሚያነሳው ሰው ድረ ገጹ ያልመለሰውን ሁሉ ሲመልስ ነው የሚውለው።

አክብሮት እንደ እንቅፋት

የመጀመሪያው ዙር ቃለ መጠይቅ አልተሳካም፤ ምክንያቱን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ስድስት ሰዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ አዳራሽ ተጠየቁ። ጠያቂዎቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ ነበሩ፣ ከማኅበሩ አመራር አንድ አባት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጥያቄው ደግሞ «ድረ ገጹን እንዴት አዩት?» የሚል ነው። ስድስቱም ጥሩ ነው አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በርቱ፣ አገልግሎታችሁን ይባርክ። ከመካከላቸው ሁለቱ ገጹን ከዚያ ቀን በፊት ከፍተውት እንደማያውቁ የታወቀው በኋላ ነው።

ሰዎቹ አልዋሹም። የቤተ ክርስቲያንን ሥራ፣ በደጇ፣ በአባት ፊት መንቀፍ ነውር ነው። ድካምን ማመስገን ደግሞ ምርቃት እንጂ ግምገማ አይደለም። በመንፈሳዊ ተቋም የሚደረግ ጥናት ይህን ካልተሻገረ የሚሰበስበው ምርቃት ብቻ ይሆናል።

በሁለተኛው ዙር ሦስት ነገሮች ተቀየሩ። ቦታው ከግቢው ወጣ፤ ፒያሳ አካባቢ ያለ ጸጥ ያለ ጁስ ቤት፣ የተሳታፊው ቤት ወይም ሱቅ ሆነ። ጠያቂው «ገጹን የሠራነው እኛ አይደለንም፣ የሚፈተነው እሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም» ብሎ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ሐረግ እውነት መሆን አለበት፣ የሠራው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ከሆነ አይባልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አስተያየት መጠየቅ ቀረና ሥራ መስጠት ተጀመረ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «የእናትዎ ሙት ዓመት ደረሰ እንበል። ዝክሩን ቤት ከማዘጋጀት ለነዳያን ብር ልላክ ብለው አሰቡ። በዚሁ በራስዎ ስልክ እንዴት ያደርጋሉ?» ከዚያ ጠያቂው ዝም ይላል። ዝምታው ከባድ ነው፤ በተለይ አንጋፋ ሰው ስልክ ይዘው ሲቸገሩ ወጣት ቁጭ ብሎ ማየቱ በእኛ ዘንድ ደግ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ «መሐል ላይ ባልረዳዎት ቅር አይበልዎ፣ ሲያበቃ ሁሉንም አሳይዎታለሁ» ይባላል፤ ሲያበቃም ቃሉ ይፈጸማል።

በሥራ አሰጣጡም የተበላሸ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ «የርድኤት ገጹን ያግኙ» ይላል። «ርድኤት» ሜኑው ላይ የተጻፈ ቃል ስለሆነ ሁሉም በሰከንድ አገኘው፤ ፊደል ማዛመድ እንጂ መፈለግ አይደለም። በሥራው ውስጥ የሜኑው ቃል እንዳይገባ ከተደረገ በኋላ ነው ትክክለኛው ችግር የወጣው።

ተሳታፊዎቹ 14 ነበሩ፦ በየጊዜው የሚሰጡ አንጋፋ ምእመናን፣ ጉዞ የሚወዱ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች፣ ድጋፍ የሚያገኙ ቤተሰቦች፣ ከውጭ አገር የሚልኩ ሰዎች። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ2000 እ.ኤ.አ. ያስፋፋው «አምስት ሰው ይበቃል» የሚለው ስሌት አንድ ተፈታኝ በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ያሳያል ከሚል ግምት የተነሣ ነው፤ በዚያ ስሌት አምስት ሰው 85 በመቶ ገደማ ያደርሳል። ግምቱ የሚሠራው ሰዎቹ ተመሳሳይ ሲሆኑ ነው። ዋሽንግተን ያለ ሰጪና ከአቶቴ ለጎረቤቷ እርዳታ የምትፈልግ እናት የሚያልፉት በአንድ መንገድ አይደለም፤ ስለዚህ ከየወገኑ ሁለትና ሦስት ሰው ተወሰደ። ውጭ ያሉት በቴሌግራም ጥሪ ስክሪናቸውን እያጋሩ ተሳተፉ። ዋሽንግተን ከሐዋሳ በበጋ ሰዓታቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር ምቹ የሆነው የእኛ ምሽት፣ የእነሱ ከቀትር በፊት ነው።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከቀትር በኋላ ይደክማል፣ ጁስ ቤት ተቀምጦ ምንም አለመቅመሱም ያሳፍረዋል። ስለዚህ ቀጠሮው ወይ ጠዋት በማለዳ በሰውየው ሱቅ፣ ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ ሆነ። የሞባይል ካርዱም «ክፍያ» ሲባል ሁለት ሰዎች አልቀበልም አሉ፤ «የትራንስፖርትና የኢንተርኔትዎ» ሲባል ተቀበሉ።

የተለመደው ባለ 10 ዐረፍተ ነገር የምቾት መመዘኛ ተተርጉሞ ተሞከረና ተጣለ። መመዘኛው አንዱን አዎንታዊ፣ ቀጣዩን አሉታዊ እያደረገ ነው የሚሄደው፤ አንድ አዛውንት ለአሥሩም «እስማማለሁ» አሉ፤ ድረ ገጹ ቀላልም ነው፣ አስቸጋሪም ነው።

የመስጠት መንገድ

ብር የመላክ ሥራ በአሮጌው ገጽ ላይ ከተሰጣቸው ዘጠኝ ሰዎች እስከ ባንኩ ማረጋገጫ የደረሱት ሦስት ናቸው። ማረጋገጫው ላይ ደርሰው የቆሙት ጉዳይ ለብቻው ይነገር።

ከተሳታፊዎቹ አንዷ እናት ፖስተሩን በሁለት ጣት አጉልተው፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው፣ ቁጥሩን በመርሐ ግብር ወረቀት ጀርባ አራት አራት እያደረጉ ገለበጡ። ፖስተሩ ሲጎላ ግማሹ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ወደ ግራ ሲጎትቱት ቀጣዩ ፎቶ ተንሸራቶ መጣ። እንደገና ተመለሱ። ባንኩ አፕ ውስጥ አስገብተው ሲጨርሱ የወጣው የባለ ሒሳቡ ስም ድረ ገጹ ላይ ካለው ስም ጋር አልገጠመም፤ ሒሳቡ የተከፈተው ማኅበሩ ከዓመታት በፊት በነበረው ስያሜ ነው። እናትየው «ይሄ የእነሱ አይደለም» ብለው አጠፉት።

ትክክል ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ስም የሐሰት ሒሳብ ቁጥር በቴሌግራም ሲዞር ሰው አይቷል፤ ስም ካልገጠመ ማቆም ብልኅነት ነው። ለማኅበሩ ግን ከማንኛውም የዲዛይን ችግር በላይ ምጽዋት የሚያስቀረው ይህ ነበር። መልኩ ሲታደስ ቢከረምም አይስተካከልም ነበር።

አዲሱ ገጽ ላይ የተደረገው ይህ ነው። ቁጥሩ ጽሑፍ ሆነ፣ ለዓይን እንዲመች በአራት በአራት ተከፋፍሎ ይታያል፤ «ቁጥሩን ኮፒ አድርግ» የሚለው ቁልፍ ግን ያለ ክፍተት ይወስደዋል፣ ምክንያቱም አንዳንድ የባንክ አፖች መሐል ላይ ክፍተት ያለበትን ቁጥር አይቀበሉም። ሥሩ «ባንኩ የሚያሳይዎ ስም» ተብሎ አፑ ላይ የሚወጣው ስም ፊደል በፊደል ተጻፈ፣ ከአሁኑ ስያሜ ለምን እንደሚለይም በአንድ መስመር ተነገረ። የአይፎን ብራውዘር ረጅም ቁጥርን ስልክ ቁጥር አድርጎ «ልደውል?» ሊል ስለሚችል ያ ባሕርይ በገጹ ኮድ ተዘጋ። ቴሌብር ለብቻው፣ የውጭ ላኪዎች የስዊፍት ኮድ (ከውጭ ለሚላክ ብር የባንኩ መለያ) እና በላቲን ፊደል የተጻፈ የሒሳብ ስም ለብቻቸው ተቀመጡ፤ ሐዋሳ ያለ ሰው የስዊፍት ኮድ ሲያይ ግራ ይገባዋል፣ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ ሲያጣው ይተወዋል። ከታች «ሲልኩ ስክሪንሾቱን በዚህ ቴሌግራም ይላኩልን፣ ደረሰኝ እንልካለን» የሚል መስመር ገባ። ደረሰኙን ከሁሉ አጥብቀው የጠየቁት ውጭ ያሉት ናቸው።

ቃላቱ

አሮጌው ሜኑ የማኅበሩ መዋቅር ግልባጭ ነበር፦ ትምህርት ክፍል፣ ምግባረ ሠናይ ክፍል፣ ርድኤት፣ ሒሳብና ንብረት ክፍል፣ ሕዝብ ግንኙነት። ለአባላቱ ግልጽ ነው፤ ስብሰባቸው የተከፋፈለው እንደዚያ ነውና። «ርድኤት» ግን መርዳት የሚፈልግም መረዳት የሚፈልግም የሚነካው ቃል ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም የሚያርፉት እርዳታ ስለተሰጣቸው ሰዎች በሚያወራ ገጽ ላይ ነው። «ምግባረ ሠናይ»ን አንዲት ተሳታፊ አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል ነው የመሰላት።

ለማስተካከል ካርድ ማደርደር ተሠራ። የድረ ገጹ ይዘት በ32 ትናንሽ ወረቀቶች ላይ ተጻፈ፣ ሰውየው አብረው የሚሄዱትን ያከማቻል፣ ለክምሩ ስም ይሰጣል። የካርዶቹ አጻጻፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ጉዞ» የሚል ቃል በአምስት ካርዶች ላይ ስለነበረ ሰው ትርጉሙን ሳያይ አምስቱን አንድ ላይ ከመረ። የጉዞ ፎቶ፣ የጉዞ ክፍያና የጉዞ መነሻ ሰዓት የግድ አብረው አይሄዱም፤ ቃሉ ነው የሰበሰባቸው። «አውቶቡሱ የሚነሣበት ሰዓት»፣ «ያለፈው ዓመት ፎቶዎች» ተብለው ሲጻፉ አደራደሩ ተቀየረ።

ከዚያ የወጣው ሜኑ አምስት ነገር አለው፦ «ለመስጠት»፣ «እርዳታ ለሚፈልጉ»፣ «ጉዞና ጉባኤ»፣ «ትምህርት»፣ «ስለ እኛ»። «ለመስጠት» ሲቀርብ ከአመራሩ ሙግት ተነሣበት፤ ልመና ይመስላል፣ ክብር ይነሳል ተባለ። ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ለክምሩ የሰጡት ስም «ብር የምንሰጥበት» ነበር፣ ያ ሲታይ «ለመስጠት» የጨዋ ቃል ሆነ። ግእዝ ቀመስ ስያሜዎቹ አልተጣሉም፤ ከገጹ ውስጥ በርእስነት ተቀመጡ። በር ላይ ግን ሁሉም የሚያነበው ቃል ይሁን።

አንድ ያልተጠበቀ ነገር ደግሞ አለ። አንጋፋዎቹ የስልካቸውን ፊደል አሳድገው ነው የሚጠቀሙት። አማርኛ ሜኑ ሲጎላ አንድ መስመር ላይ አይገባም፤ አሮጌው ገጽ የተረፈውን ስለሚቆርጠው «እርዳታ ለሚ…» ሆኖ ይቀር ነበር። ይህ የታየው ፈተናው በራሳቸው ስልክ ስለተሠራ ነው፤ በጥናት ቡድኑ ስልክ ቢሆን አይገኝም ነበር።

ሰዓትና ቀን

የጉዞ ገጹ መርሐ ግብሩን ያሳይ የነበረው ከውጭ በተወሰደ ፕለጊን (ድረ ገጽ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ነው፤ አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲነሣ ፕለጊኑ «5:00» ይላል፣ ጠዋት መሆኑን በእንግሊዝኛ ምሕጻር አስከትሎ። ወጣቶቹ ምሕጻሩን አውቀው አስተካክለው አነበቡት። ከፓርኩ የመጡት ሁለት ሠራተኞች ረፋድ 5 ሰዓት ነው አሉ፤ አውቶቡሱ በዚያ ሰዓት ሐዋሳን ከለቀቀ ስድስት ሰዓት አልፎታል። የጸሐፊዋ ስልክ በጉዞ ዋዜማ የማያርፈውም ለዚህ ነው። አማርኛው ገጽ አሁን የሚያሳየው በእኛ አቆጣጠር ብቻ፣ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከምሽቱ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ከቁጥሩ ፊት ሆኖ ነው።

ቀኑ ከሰዓቱ ይልቅ ረቂቅ ነው። ዓመታዊ በዓላት ገጽ ላይ ታኅሣሥ 19 አጠገብ የፈረንጁ «28 ዲሴምበር» በእጅ ተጽፎ ነበር፤ ሐምሌ 19ም «26 ጁላይ»። ሐምሌው ምንጊዜም ይገጥማል። ታኅሣሡ ግን በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ይንሸራተታል፦ ከዚያ በፊት ያለው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለሚሆን መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፣ ልዩነቱም የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 እስኪያልፍ፣ ማለትም እስከ የካቲት 21 ይቀጥላል። 2016 እንዲህ ነበር፤ ታኅሣሥ 19 በዲሴምበር 29 ዋለ፣ ልደትም ታኅሣሥ 28 ተከበረ። ቀጣዩ 2020 ነው። በእጅ የተጻፈ ቀን ከአራት ዓመት ሦስቱን ትክክል ስለሚሆን ማንም አይጠረጥረውም፤ ስሕተቱ የሚመታው ደግሞ ፈረንጅ ካሌንደር ይዞ ፈቃድ የሚጠይቀውን የውጭ አገር ምእመን ነው። አሁን የሚጻፈው የኢትዮጵያው ቀን ብቻ ሲሆን ሌላውን ብራውዘሩ ያሰላዋል፤ ዘመናዊ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ካሌንደር በውስጣቸው ስለያዙ ተጨማሪ ፕለጊን አያስፈልግም። ተንቀሳቃሽ በዓላትና አጽዋማት ግን በባሕረ ሐሳብ የሚወጡ ናቸው፤ በየዓመቱ መጀመሪያ አንድ የአብነት መምህር አውጥተው ሰንጠረዡን ይፈርሙበታል፣ ከዚያ ይገባል።

ፍለጋ፣ ክብደት፣ ፎቶ

የፍለጋ ሣጥኑ «ፀሎት» ሲባል ምንም አያመጣም ነበር፤ ገጾቹ «ጸሎት» ብለው ነው የሚጽፉት። «ስላሴ»፣ «አመት»፣ «ሀይል» የጻፈም እንዲሁ ባዶ እጁን ይመለሳል። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። መፍትሔው ፍለጋው ከበስተጀርባ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐ፣ ዓ፣ ኣን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው አዛምዶ እንዲያነጻጽር ማድረግ ነው፤ የተፈለገውም ቃል፣ የተቀመጠውም ጽሑፍ በአንድ ወንፊት ያልፋል። የሚታየው ጽሑፍ አይነካም። ይህን አበክሮ ማስረዳት አስፈልጓል፤ ከመምህራኑ አንዱ «ሠ»ን ልታጠፉብን ነው ብለው ነበር፣ ደግሞም መቆጣታቸው ተገቢ ነው። አማርኛ ቃል በላቲን ፊደል የሚጽፉም ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ተዘውታሪዎቹ ቃላት ብቻ በዝርዝር ተያዙ።

መግቢያ ገጹ ስድስት ተንሸራታች ፎቶና ራሱ የሚጀምር መዝሙር ነበረው፣ በድምሩ ከ9 ሜጋባይት በላይ። ክሮም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይነኩት ድምፅ የሚያሰማ ገጽን ስለሚያግድ መዝሙሩ ለአብዛኛው ሰው አይሰማም፤ ፋይሉ ግን ይወርዳል፣ ጥቅሉን ይበላል። መዝሙሩ ወደ ትምህርት ገጽ ተዛወረ፣ ተንሸራታቹ በአንድ ፎቶ ተተካ፣ ገጹ ከ700 ኪሎባይት በታች ሆነ። በኦፔራ ሚኒ ብራውዘር ሲከፈት አልዘረጋም ይል የነበረው ባለ ሦስት መስመር ሜኑ ቀርቶ አምስቱ ቃላት በግልጽ ተቀመጡ። ወርቃማ ፊደል በነጭ ላይ ንጽጽሩ (ፊደሉ ከመደቡ በብርሃን የሚለይበት መጠን) 2 ለ1 ገደማ ነው፤ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ያስፈልጋል። ወርቁ ለሐረግ ጌጥ ቀረ፣ ጽሑፉ ጥቁር ቀይ ሆነ።

ፎቶው ላይ ያለው ጉዳይ የቴክኒክ አይደለም። የእርዳታ ተቀባይ አረጋውያን ፎቶ ከስምና ከሰፈር ጋር ተለጥፎ ነበር። ከድጋፍ ተቀባይ ቤተሰቦች ጋር ሲወራ ያሳፈራቸው እርዳታው ሳይሆን ሰፈር ያወቀው መሆኑ ወጣ፤ ልጅ እያላቸው ጧሪ አጡ መባል። ተስማምተው እንደነበር ሰነዱ ያሳያል። ግን የተፈረመው ዱቄቱና ዘይቱ በተሰጠበት ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እምቢ ለማለት የሚመች ጊዜ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሥነ ምግባር ጥያቄ ብቻ መሆኑም ቀርቷል። ፎቶዎቹ ወረዱ። አዲስ ፎቶ የሚነሣው ከእርዳታው ቀን ውጭ፣ ቤታቸው ተሂዶ ተጠይቆ፣ ፊት በማያሳይ መልኩ ነው፤ መቋጠሪያ የያዘ እጅ፣ የተጠገነ ጣሪያ። ከውጭ የሚልኩት ሰዎች ፊት ማየት እንደሚፈልጉ ተገምቶ ነበር፤ ሲጠየቁ የፈለጉት ብሩ ምን እንደተገዛበት ነው።

በሲዳምኛ ሙሉ ገጽ ይዘጋጅ የሚል ሐሳብም ነበር። ሦስት ገጽ ብቻ ተተረጎመ፦ እርዳታ ለሚፈልጉ፣ የጉባኤ ሰዓት፣ አድራሻ። የሚከታተለው ሰው ሳይኖር የተተረጎመ ዜና በሁለት ወር ያረጃል፣ አሮጌ የጉዞ ቀን በሌላ ቋንቋ ከምንም ይከፋል።

ለአመራሩ ሲቀርብ

ሪፖርቱ 20 ገጽ ነበር፤ ያነበበው ሰው ጥቂት ነው። ውሳኔውን ያስወሰነው የ90 ሰከንድ ቪዲዮ ነው፤ በእናትየው ፈቃድ የተቀረጸ፣ እጃቸውና ስልኩ ብቻ የሚታይበት፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ እየገለበጡ። ፎቶው ሁለተኛ ጊዜ ሲንሸራተትባቸው ከአመራሩ አንዱ «አይ!» አሉ። ቀለም ስለመቀየር በዚያ ስብሰባ ያወራ አልነበረም።

አዲሱ ገጽ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ሌሎች አምስት ሰዎች ተፈተኑ። ብር መላክን አምስቱም እስከ ማረጋገጫ አደረሱት፤ የአውቶቡሱን ሰዓት አራቱ በትክክል ተናገሩ፣ አምስተኛዋ ገጹን ትታ ቴሌግራም ቻናሉን ከፈተች፣ እዚያም አገኘችው። «እርዳታ ለሚፈልጉ» ላይ የተሠራው ቅጽ ግን ወደቀ። ስምንት ጥያቄ ያለው ንጹሕ ቅጽ ነበር፤ ማንም እስከ መጨረሻው አልሞላውም። ለታመመ ጎረቤት የሚጨነቅ ሰው ከሰው ጋር ማውራት ነው የሚፈልገው። ቅጹ ተነሥቶ በምትኩ የስልክ ቁጥር፣ ስልኩ የሚነሣበት ሰዓትና ቤት ለቤት ሄዶ የሚያየው ክፍል በስንት ቀን እንደሚመጣ ተጻፈ። ቀድሞም ደብተሩ ይህንኑ ይል ነበር።

ጥገናው ለአንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ተሰጥቷል፦ በወር አንድ ጊዜ፣ ከጉባኤ በፊት ግማሽ ሰዓት። ሒሳብ ቁጥሩን ኮፒ አድርጋ ባንኩ አፕ ላይ ትለጥፋለች፣ ስሙ መግጠሙን ታያለች፣ ያለፈ ጉዞ ታወርዳለች፣ ስልኩን ደውላ ትፈትሻለች።

ያልተፈታው ፖስተሩ ነው። ከድረ ገጹ ወርዷል፣ በቴሌግራም ግን ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ በበዓል ሰሞን እንደ አዲስ ይላካል። ከላዩ ካሉት ሦስት ሒሳቦች አንዱን ማኅበሩ ሊዘጋው ነበር። ፖስተሩ እስካለ ሰው እንደሚልክበት ስለታወቀ ሳይዘጋ ቀረ፤ የገባውን ብር የሒሳብ ሹሙ በየወሩ መጨረሻ ወደ ዋናው ያዛውረዋል።